ይታወቃል የሚሉት ውሻ

ቤቶች… እንዴት ዋላችሁ? አይ አትነሺ ማርጋሬት፣ ተቀመጪ፣ እኔ ዲንቁ ነኝ። ከአጥር ወዲያ ለመጣች ጎረቤት ደግሞ መነሳት ምንድነው? ፖሌ እህቴ፣ አይዞሽ። ትናንት ልመጣ አስቤ የውሃ ቦቴው መጣ ሲሉ ጄሪካን ይዤ ስሮጥ ዋልኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ አለቀ። ይሄ የሞያሌ አቧራስ… ዛሬ ጠዋት ጠርጌ ስጨርስ የማርሳቢት ሎሪ አለፈና የማንያታውን፣ የግማሽ ሰፈሩን አቧራ መልሶ ቤቴ አስገባልኝ። ያንቺ ግቢ ግን ሁሌም ንጹሕ ነው። ጓሮውም አዲስ የተቆፈረ ይመስላል… ምን ልትተክሉበት ነው? ስኳር ድንች? ጥሩ ነው። በዚህ ድርቅ የሚቆፍር ሰው ተስፋ ያለው ሰው ነው።

ምዜስ… ሽማግሌው ባለቤትሽስ እንዴት ዋሉ? ተኝተዋል? እንዳትቀስቅሻቸው። መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቼ የነቁ መስሎኝ ነው፤ ነፋስ ነው ለካ። በተዘጋ መስኮት የሚገባ ነፋስ… እንግዲህ ሞያሌ የሌለ ነገር ምን አለ? ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በይኝ፤ ዋልዳ የስደተኛ ካምፕ ሳለን ከድንኳን ድንኳን ስንጣራ የለመደብኝ ነው። ይቺን ብርቱካን ያዥላቸው። ከሥሯ ሌላም ነገር አለ፣ ስሄድ አሳይሻለሁ።

የመጣሁት ለጥየቃ ነው፣ ሌላ ነገር የለኝም። ብቻ… ነገ ሽማግሌዎቹ ከሰፈሩ ሹም ከቺፉ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው በውሻዬ ላይ እንደሚወስኑ ሰምተሻል አይደል? «አዳኝ ዝርያ ነው፣ ሰው ነክሷል፣ ለቤተሰብ አይሆንም፣ አስካሪ ፖሊስ ይጠራና በጥይት እንገላገለው» ተብሎ ቀረበ አሉ። ማን እንዳቀረበው አልጠየቅኩም። ለሰፈሩ የሚያስብ ሰው መሆን አለበት። ምዜም ያሳዝኑኛል፤ የተነከሱት እሳቸው፣ የሚፈርዱት እሳቸው… ሥራ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። እና የአዳኝ ውሻን ጠባይ ትንሽ ባጫውትሽ ለፍርዱ ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ ነው። ሲነቁ ትነግሪልኛለሽ።

ያቺን ሙዙንጉ፣ ነጯን የከብት ሐኪም ታስታውሻታለሽ? ፕሮጀክቱ አልቆ አገሯ ልትመለስ ስትል ሦስት ውሾቿን ለሰው አደለች። አማርኛዋ ጥሩ ነበር፣ አዲስ አበባ ተምራ ነው። «ዲንቁ፣ ይሄ አዳኝ ውሻ ነው፣ ለቤተሰብ ይሆናል» አለችኝ። እኔ ሞኟ አዳኝ ስትለኝ ከጅብም ከሌባም የሚያድነን መሰለኝ። ጅብ በበዛበት አገር አዳኝ ሲሰጡሽ እምቢ ትያለሽ? እልል ብዬ ተቀበልኩ። ለካስ የሷ አዳኝ የአደን አዳኝ ነው። ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ ግባ ይለዋል። በጆሮዬ ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው።

ግን በዚህ ቃል የተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነኝ? እዚሁ ሰፈር አንድ ትልቅ ሰው አሉ አይደል… ከዋልዳ ስንመጣ ቤት ያፈላለጉልን፣ ወረቀት የሌለውን ከፖሊስ እጅ የሚያስጥሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። «አዳኛችን» ስንላቸው ስንት ዘመን ኖርን። የትኛው አዳኝ እንደሆኑ ግን ቆሞ የጠየቀ የለም። አማርኛ እንዲህ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቃል ጨርሶ ሰውን ያሳስታል።

ሦስቱም ውሾች አዳኝ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ባለ ረጅም እግሩን፣ ግሬይሀውንድ የሚሉትን፣ የሎሪ ሹፌሩ ፍራንሲስ ወሰደው። ቁመናው ደግሞ… ሆዱ ገባ ያለ፣ አንገቱ የተመዘዘ፣ ሲሄድ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። አንበሳ ይጥላል ብለን ስንጠብቅ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተኝቶ ይውላል። ክፋት የለበትም፣ ልጆች ጆሮውን ቢጎትቱት ዝም ነው። አንድ አመል ብቻ አለችው፤ የሚሸሽ ትንሽ ነገር ካየ አይምርም። ጥንቸል ይሁን የሰው ድመት፣ ከሮጠ አለቀለት። ቆሞ ዓይን ዓይኑን የሚያየውን ግን አይነካም፣ እንዲያውም እሱ ፊቱን ያዞራል። ፍራንሲስ «ይሄ ውሻ ዳኛ ቢሆን የሚያስረው የሮጠውን ብቻ ነበር» ብሎ አሳቀኝ። እኔ ስስቅ አንቺ ለምን ታቀረቅሪያለሽ? ስለ ውሻ እኮ ነው የማወራው።

ትንሹን፣ ቢግል የሚባለውን፣ ሥጋ ቤት ያለው ደበላ ወሰደው። እሱስ የሰው ፍቅር ነው። የሙስሊም ሠርግ፣ የክርስቲያን ሠርግ አይለይም፣ ልቅሶ ቤት ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፣ ከጎኑ ያልተቀመጠበት ሰው የለም። ለልጆች ለሽማግሌ የሚመች። ጥፋቱ አፍንጫው ነው። ሥጋ ከሸተተው ስሙን ብትጠሪው አይሰማሽም፣ ብትቆልፊበትም ይከፍተዋል። አንድ ቀን የደበላ ጉበት ጠፋና የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮኹ። ከሁሉም አብልጦ የሚጮኸው ማን ሆነ? እሱ። ፊት ፊት እየሮጠ የሚያፈላልገው ማን ሆነ? እሱ። ጢሙ ላይ ግን ደሙ አልደረቀም። ደበላ ዱላ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ የዋህ ፊት እንዴት ይመታል? እንዲህ ያለ ፊት ያለው ሰው ብናገኝ ሳንመካከር ሽማግሌ እናደርገው ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ብለድሀውንዱ ነው። ጆሮው መሬት ይጠርጋል፣ የግንባሩ ቆዳ ተጣጥፎ ዓይኑ ላይ ወርዷል፣ ለሃጩ… ለሃጩን እንተወው። ሁልጊዜ ቀብር ውሎ የመጣ ይመስላል። ለቤተሰብ ግን ከሱ የሚሻል የለም፤ የሻሚ ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ እየጋለበችው ነው ያደገችው። አንድ ሽታ ከያዘ ግን ገበያ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ቀኑ ቢያልፍ አይለቅም። ሐኪሟ ደጋግማ የነገረችኝ ነገር አለ። «ዲንቁ፣ ይሄ ውሻ ፈልጎ ያገኘውን ሰው አይነክስም። ይወደዋል። እግሩን ይልሰዋል፣ ደጁ ላይ ይተኛል» አለችኝ። ምን ዓይነት ሌባ ወዳድ ውሻ ነው የሰጠችኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ ያ ለፋሲካ ያደለብኩት የፍየል ሙክት ጠፋ። ታስታውሺዋለሽ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያሰርኩለት፣ ጠዋት ጠዋት በቃጭሉ የምትነቂው። አንድ ማለዳ ብነሳ ካስማው ብቻ ቆሟል። ውሻው ካስማውን አሸተተ፣ አጥሩን ዞረ፣ ቀጥ ብሎ… የት ሄደ መሰለሽ? ምን እኔ ልንገርሽ፣ በር ስትከፍቺ ደጃፍሽ ላይ ተጋድሞ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ምዜ ሲወጡ እግራቸውን ላሰ። ሰው ሁሉ አየ። እኔ ያን ቀን ምን አልኩ? «ውሻ እንኳ ሽማግሌ ያከብራል» አልኩ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

የሽማግሌዎቹ ፍርድም አልዘገየም። ሌባው ዘበኛዬ ጃርሶ ነው ተባለ። ማስረጃው ምን ነበር? ሲጠሩት ደንግጦ ሮጠ። ሮጠ፣ አለቀለት። የሀዋኦ ልጅ ታጭታለት ነበር፤ ሀዋኦ ይሄን ስትሰማ «ልጄን ለፍየል ሌባ አልሰጥም» ብላ የላካቸውን ሰዎች መለሰቻቸው። ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ኦቦ መንደር ሲሄድ «ዋቅኒ ኒ አርጋ» ብቻ ነው ያለው። እግዜር ያያል… ማየቱንማ ያያል። ችግሩ አይቶ አይናገርም። ያን ቀን አንጀቴ ነው የተቃጠለው ማርጋሬት። አሁንም እየነደደ ነው፣ ብስቅ አትመኚኝ።

አንቺ ግን ደግ ነሽ። በፋሲካው ዕለት ባዶ እጄን መቅረቴን አስበሽ በሳህን ሥጋ ላክሽልኝ። እንዴት ያለ ሥጋ ነበር… እኔ ራሴ በእጄ አብልቼ ያሰባሁት እስኪመስለኝ ድረስ ተስማማኝ። ምዜ ከደበላ ገዙት አልሽኝ፣ አንቺ የነገሩሽን ነው የነገርሽኝ። ደበላ ያን ሰሞን ያረድኩት በሬ ብቻ ነው ይላል። ደበላ መቼም ሥጋ ቤት ከፈተ እንጂ በሬና ፍየል መለየት አይችልም። ውሻዬ ግን አጥንቱን ስሰጠው አልበላም። አሸተተው፣ በአፉ ያዘው፣ ወስዶ ካስማው አጠገብ አስቀመጠውና ተኛ።

ስሙን የቀየርኩት ያን ዕለት ነው። ሙዙንጉዋ ያወጣችለት ስም ለአፍ አይመችም ነበር፣ እኔ «ይታወቃል» አልኩት። የኛ ሰው የውሻ ስም ሲያወጣ ለውሻው ብቻ አይደለም ይላሉ፣ እኔ ግን ለመጣራት ስለሚመች ነው። ምዜ አንድ ቀን በአጥሩ ብቅ ብለው «ዲንቁ፣ ምኑ ነው የሚታወቀው?» አሉኝ። «ውሻው ነዋ ጋሼ፣ ስሙ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «ይታወቃል፣ ና ይታወቃል» እያልኩ ስጣራ የእናንተ መስኮት ሲዘጋ እሰማለሁ። ብርዱን ፈርተው ነው መሰለኝ። በሞያሌ ሙቀት ብርድ የሚያገኛቸው ሰው ሲያጋጥም ያሳዝናል።

እና አሁን ምዜ ውሻው እግሬን ነከሰኝ አሉ። እግዜር ያውቃል፣ እኔ ሰው ዋሸ ባይ አይደለሁም። ግን ቁስሉን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ልጄ ሻሚ ፋሻው ሲፈታ አይታዋለች፤ አንድ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ነው፣ ሌላ ምልክት የለውም አለችኝ። ውሻዬ እንዲህ ያለ አንድ ሰፊ ጥርስ ካለው ዶማ መግዛት ቀረልኝ፣ በሱ ጓሮዬን አስቆፍራለሁ። ምዜም እኮ ነከሰኝ ባሉበት ማለዳ ዶማ ይዘው ጓሮ ነበሩ አሉ። ለስኳር ድንቹ ነዋ። ውሻው ቀድሟቸው ሲቆፍር ደረሱበት። ምን ፈልጎ እንደሆነ እንጃ… ውሻ ስኳር ድንች አይወድም። ሰው ደግሞ ተጣድፎ ሲቆፍር፣ ዓይኑን አጥር ላይ አድርጎ ሲቆፍር፣ ዶማ የገዛ እግርን ከአፈር አይለይም።

ይሄው፣ ከብርቱካኑ ሥር ያልኩሽ። እስቲ እጅሽን ዘርጊ። ቃጭል ናት። ይታወቃል ነው በአፉ ይዟት የመጣው። ከየት እንዳመጣት ብጠይቀው ወደ ጓሮአችሁ ዞሮ አየ፣ ሌላ አልተናገረም። አፈሯን አላጠብኩላትም፣ እንደመጣች ትሁን ብዬ። ለምዜ ራስጌያቸው አስቀምጪላቸው። ውሃ ሲጠማቸው፣ ሕመሙ ሲነሳባቸው ይደውሏት፤ አንቺ ባትሰሚ እኔ ከአጥር ወዲያ እሰማታለሁ፣ ድምጿን የለመድኩት ነው። ጠበቅ አድርገሽ ያዣት እንዳትጮህ… ተኝተዋል።

ነገ ዛፉ ሥር ሲመጡም ይዘዋት ቢመጡ ደስ ይለኛል። ጃርሶን ከኦቦ አስጠርቼዋለሁ፣ ሀዋኦም አለች። ከሽማግሌ የሚፈለገው «ጃርሶ አልሰረቀም» የምትል አንድ ቃል ነች፤ ሀዋኦ ሰምታ ልጇን ትስጥ፣ ጃርሶ ቀና ብሎ ይሂድ። ሙክቱንስ በላነው፣ እኔም በልቻለሁ፣ ተካፍለናል። ያቺ አንድ ቃል ከጠፋች ግን እኔ አልናገርም፣ ሴት ነኝ፣ ዝም ብዬ ይታወቃልን ይዤው እመጣለሁ። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሃል የሚወደውን ሰው መርጦ እግሩ ሥር ይተኛል። በጥይት የሚገላገሉትም ከሆነ እዚያው ተኝቶ ያግኙት።

በይ እንግዲህ ልሂድ። እሱም ደጃችሁ ላይ ጋደም ብሎ እየጠበቀኝ ነው፣ ለጥየቃ መጥቶ ማለት ነው። ውሻ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? መጋረጃው ደግሞ ነፋስ ያዘው… ቀስ ይበሉ ምዜ፣ በዚያ እግር አይቁሙ። ይቅርታ፣ ለማርጋሬት ማለቴ ነው። እግዜር ይማራቸው። ለታመመም ይኼው ነው የምንለው፣ ላጠፋም ሌላ ቃል የለንም። ዕድሜውን ይስጣቸው፣ የነገዋን ጠዋት በሰው ፊት ያቁማቸው። ቤታችሁ አዳኝ አይጣ። አሜን በዪ እንጂ እህቴ… አዳኙ ያድናቸው።