ምጥ የያዛት ሴት የት ናት?

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ተጠለልሁ። በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ተክለ ሚካኤል ናቸው፤ ሌላዋ የአምቡላንስ ጥሪ የሚመዘግብ ሶፍትዌር እንድትሠራ የመጣች ዓይናዲስ የምትባል ወጣት ናት። መምህር መሆኔን ሲሰሙ እንድዳኛቸው አስቀመጡኝ።

አቶ ተክለ ሚካኤል ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰብስበው ሶፍትዌሩ ምን እንዲይዝ እንደሚፈልጉ ጠይቀው ነበር። የደዋዩ ስልክና ቀበሌ ይበቃል ተባለ። ዓይናዲስም በታዘዘችው መሠረት ሠርታ ሙከራው የተጀመረው እኔ በተጠለልሁበት በዚያው ዕለት ነበር፤ እሷ ግን ልቧ አላረፈም።

«ጋሼ፣ ሴቶቹ ሠራተኞች ከስብሰባው እርስዎ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ነው የወጡት» አለች። «ለየብቻ ላነጋግራቸው። ስልክ ተቀባዩ ሲሠራም አጠገቡ ተቀምጬ ልየው። ሰው የለመደውን ሥራ ሲናገር ብዙውን ይዘለዋል።»

«ልጄ፣ በስብሰባ የተስማሙበትን ደግመሽ ብትጠይቂ ምን ይጨምሩልሻል? ጊዜ ማባከን ነው።»

ይህን ሲሉ ስልክ ተቀባዩ ምስክር ፊቱ ገርጥቶ ወጣ። ቀደም ብሎ ለምጥ የተላከው አምቡላንስ ደዋዩ ዘንድ ደርሶ ወላድ አላገኘም። ለካስ ሰውየው ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ ላይ የወጣ ነው፤ ሴትዮዋ ከገደሉ ማዶ ደም እየፈሰሳት ነበር። ሹፌሩ አቅጣጫ እንዲቀይር ተነገረው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። አቶ ተክለ ሚካኤል ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ ዓይናዲስ እጆቿን ጨብጣ መንገዱን ታያለች።

ምስክር ቀስ ብሎ፣ «ወላዷ የት ናት ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። ኮምፒውተሩ የደዋዩን ቀበሌ ብቻ ሲጠይቀኝ እሱን ሞልቼ ላክሁ» አለ።

«በስብሰባው ለምን አልተናገርህም?»

«ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

አምቡላንሱ ሲመሽ ወላዷን ይዞ ደረሰ። እናትም ሕፃንም በሕይወት ነበሩ። አቶ ተክለ ሚካኤል ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። በኋላ ዓይናዲስን ጠርተው ሙከራው እንዲቆም፣ ጊዜም እንዲጨመርላት ፈቀዱ። «ሴቶቹን እኔ በሌለሁበት አነጋግሪያቸው» አሏት።

እንዲህም ሆነ። ምስክር አጠገብ ተቀምጣ ሥራውን በማየት ከልማድ ብዛት የሚረሳውን አገኘች፤ ለየብቻ በማነጋገር በፍርሃት የሚደበቀውን ሰማች። ስብሰባ የጠራችው በመጨረሻ ነው፤ ሐሳባቸው የተለያየባቸውን ነገሮች ለማስማማት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ሳልፍ ምስክር ስልክ አንስቶ ደዋይ እያነጋገረ ነበር። ኮምፒውተሩም ከሁሉ አስቀድሞ ወላዷ ያለችበትን ቦታ ይጠይቀው ነበር።