ጋሽ አንድ ደቂቃ እና በየቀኑ ያሰሩት ሰዓት

ዛሬ በመካከላችን ተኝተው፣ ማንንም «ፍጠን፣ ፍጠኚ» ሳይሉ የምንሸኛቸው፣ በከተማው መዋኛ ገንዳ አርባ ሦስት ዓመት ያገለገሉት፣ ልጅ አዋቂው «ጋሽ አንድ ደቂቃ» እያለ የሚጠራቸው ጎረቤታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በየሰው ቤት ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ከድልድዩ ማዶ ተወለዱ። ለአሥር ዓመት ያህል ብቸኛ ልጅ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ አሁን ከሣጥኑ ራስጌ የቆመው ሰዓት ሠሪው ወንድማቸው ተወለደ፤ እናታቸው ጠዋት ወጥተው ማታ ስለሚገቡም ሕፃኑን ያዘሉት፣ ያጎረሱት፣ ሲያለቅስ ደጅ ለደጅ ይዘውት የዞሩት እሳቸው ነበሩ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በሒሳብ የሚቀድማቸው ሳይኖር፣ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው አንድ ቤት ሁለት ተማሪ አይችልም ብለው ደብተራቸውን ዘጉና ትንሹን ወንድማቸውን አስገቡ። ፊደል ያስቆጠሩትም፣ ዝናብ ሲሆን ትከሻቸው ላይ ጭነው ትምህርት ቤት ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ልጁ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የበሩን ቁልፍ፣ የሬዲዮኑን ጀርባ፣ የጎረቤቱን የልብስ ስፌት መኪና መፍታት ይወድ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ «ይኼ ልጅ አጥፊ ነው» ሲል፣ ጋሽ አንድ ደቂቃ «አጥፊ አይደለም፣ ውስጡን ማየት ነው የሚፈልገው» እያሉ ተከራክረው፣ ኋላም አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ለሦስት ሳምንት እየተመላለሱ ለምነው ሙያውን አስያዙት።

እሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በመዋኛ ገንዳው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ሸክላውን በብሩሽ እየፈተጉ፣ ውሃው ላይ የወደቀውን ቅጠል እየለቀሙ ሲኖሩ፣ «ካፒቴኑ» የሚባሉ የቀድሞ መርከበኛ የዋና አሠልጣኝ ዋና አስተማሯቸው። ካፒቴኑ ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት፣ ጥቁር ፊት ያለው፣ ዙሪያው በሚሽከረከር ቀለበት የታጠረ የጠላቂ ሰዓት ነበራቸው፤ ወጣቱ ጽዳት ሠራተኛ ያንን ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲያዩት ከዋናው ይልቅ እሱ ልባቸውን እንደወሰደው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ካፒቴኑ ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ሰዓቱም አብሮ ሄደ፤ ሥራው ግን ለእሳቸው ቀረ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። የገንዳው ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ጋሽ አንድ ደቂቃ ያኔ ሰዓት ስላልነበራቸው፣ ለአራት ወር ያህል በየቀኑ በትኬቱ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው «እባክሽ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉ ነበር፤ ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ እያለ ማለት ነው። በአምስተኛው ወር ባለቤታቸው «ቀና ብለህ እይ ወይም ሽማግሌ ላክ» አሏቸው፤ ሽማግሌ ላኩ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

የአሠልጣኞች ኃላፊ ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ ይህም የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው፣ አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ የካፒቴኑን ሰዓት ቁርጥ የሚመስል አዩ። አዲስ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ተደርጎ የተሠራ፣ መስታወቱ ጎበጥ ያለ፣ በጨለማ የሚያበሩት ነጠብጣቦቹ ሳይቀሩ እንዳረጀ ወረቀት ብጫ የተቀቡ ነበር። ባትሪ የለውም፤ በክንድ እንቅስቃሴ ይሞላል፣ ካልሆነም መሙያውን በጣት ማዞር ነው። አስረውት ግቢ ሲገቡ ሴቶቹ ብጫውን አይተው «አሮጌ ሰዓት በአዲስ ዋጋ ሸጡለት» ብለው ከንፈር መጠጡላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀየሙም፣ ክንዳቸውን ዘርግተው «ጆሮሽን አስጠጊ፣ ሲሄድ ይሰማሻል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን የፈቱበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ገንዳ ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ ሳህን ሲያጥቡ ሁሉ እጃቸው ላይ ነው። በቀለበቱ ሩዝ ይቀቅሉበታል፣ የልጆቹን የጥናት ሰዓት ይለኩበታል፤ ሁለተኛዋ ልጃቸው ልትወለድ ባለቤታቸው ምጥ ሲይዛቸው እንኳ በየመሐሉ ቀለበቱን እያዞሩ «አሁን ስድስት ደቂቃ፣ አሁን አምስት» ሲሉ ባለቤታቸው «ሰዓቱን ተውና ታክሲ ጥራ» ብለው እንደጮኹባቸው ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞርበትንም ምክንያት ላገኙት ሰው ሁሉ ያስረዱ ነበር፤ ጠላቂው ሳያውቀው ድንጋይ ቢነካበት፣ የቀረውን ጊዜ አሳንሶ እንጂ አብዝቶ እንዳያሳየው ነው። ገንዳው ዳር ቆመው፣ ክንዳቸውን አንስተው «አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል» ካሉ ስልሳ ሰከንድ ማለት ስልሳ ሰከንድ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። የማለዳው ዜና ከመጀመሩ በፊት መሙያውን ሳብ ሲያደርጉት የሰከንዱ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ ቀጥ ይላል፤ ሬዲዮኑ የሰዓቱን ምልክት ሲያሰማ መልሰው ጫን ያደርጉታል፣ ቆጣሪውም ከዜናው ጋር እኩል ይነሳል። ባለቤታቸው ሻይ እየቀዱ፣ ልጆቹ ጫማ እያሰሩ፣ ያቺን ቅጽበት ማንም ሳይናገር ያሳልፋታል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሰዓቱን ዘይቱ እንዲቀየርና የውሃ መከላከያ ጎማው እንዲታደስ፣ እንደ ሁልጊዜው ለወንድማቸው ሰጡ። ከእሱ ሌላ ሰው እንዲከፍተው ፈቅደው አያውቁም። በአሥረኛው ቀን ተወልውሎ፣ ተጠቅልሎ መጣላቸው። በማግሥቱ ጠዋት መሙያውን ሳቡት፤ ቆጣሪው አልቆመም። መልሰው ሳቡት፤ መንገዱን ቀጠለ። ሬዲዮኑ ምልክቱን አሰማ፣ ዜናው ተጀመረ፣ እሳቸው ግን መሙያውን በሁለት ጣት እንደያዙ ነበሩ። ሰዓት ዘይቱ ስለተቀየረ መቆም አይረሳም፤ የማይቆመው ውስጡ ያለው ማሽን ሌላ ከሆነ ነው። ወንድማቸው ፊቱንና ጀርባውን አሳምሮ ሲመልስ፣ የወንድሙን የጠዋት ልማድ አላሰበም። ባለቤታቸው ዳቦ መቁረጡን ትተው ቢያዩዋቸው፣ «ዝም በይ፣ ራሱ ይነግረኛል» አሉ።

እንግዲህ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሰዓቱ በቀን ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን በሰከንድ የሚታወቁት ሰው ልጆች «ጋሼ፣ ሰዓትዎ ተኛ» ይሏቸው ጀመር። አንድ ቀን ሥልጠናውን አዘግይተው በመጨረሳቸው የቀጣዮቹ ተረኛ ልጆች ወላጆች ለአስተዳደሩ ከሰሱ፤ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ሲቀራቸውም «በዕድሜ ምክንያት ሰዓት ማክበር ተስኗቸዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ባለቤታቸው «በቃ አውልቀው፣ ወይ ሌላ ሠሪ ጋ ውሰደው» ብለው ሲያለቅሱ፣ «ሌላ ሠሪ ከከፈተው የወንድሜ ስም በሙያተኛው መሐል ይጠፋል፤ ካወለቅኩትም ማወቄን ያውቅና ፈርቶ ይቀራል። በእግሩ እስኪመጣ ልጠብቀው» አሏቸው።

ጠበቁትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ወንድማቸው ሱቅ ሄደው፣ ያችኑ ክንዳቸውን የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ይቀመጡ ነበር። ወንድማቸው ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ ሰዓቷ እንዴት ናት?» ይላል። እሳቸውም «እሷማ ትሄዳለች፤ አንተስ?» ይሉታል። «እኔም እሄዳለሁ» ይላል። ከዚያ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጎረምሳው ጎረቤት ሞተር ብስክሌት ሲያወሩ ቆይተው ይነሳሉ። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው አፍ አውጥተው አይጠይቁም፤ ፊታቸውን አይተው ምሳ ያቀርባሉ።

አርባ ሦስት ዓመት የተነፈሱት የገንዳው ኬሚካል ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየታመሙ፣ በመጨረሻም ሆስፒታል ተኙ። ወንድማቸው አልቀረም፤ ሐቁ ይነገር፣ በየቀኑ ይመጣ ነበር፣ ብርቱካን ልጦ ያጎርሳቸው፣ እግራቸውን ያሽላቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት ጋሽ አንድ ደቂቃ ሰው ሁሉ እንዲወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ከወንድማቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። ወንድማቸው የብርቱካኑን ልጣጭ በላስቲክ ይዞ ወጥቶ «ተኝቷል» አላቸው። ሲገቡ ግን አልተኙም፤ ባለቤታቸውን አዩና ራሳቸውን አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ቅዳሜ ማለዳ አረፉ።

ነርሷ ዕቃቸውን በከረጢት ስታስረክብ ባለቤታቸው ሰዓቱን አውጥተው ለወንድማቸው ዘረጉለትና «እንካ፣ በወሰድከው ላይ የቀረውንም ጨምርበት» አሉት። እሱም ሰዓቱን ሳይቀበል፣ «እትዬ፣ ጋሼ ያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ» አሉት። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልጆቹም ጎረቤቱም በሰሙበት ነገሩን አወጣው፤ «የአንድ ደንበኛ ሰዓት፣ ልክ የጋሼን የመሰለ፣ እጄ ላይ ተሰበረ። ሰውየው ጯሂ ነው፣ ሱቄን ያዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ። የጋሼን ማሽን አውጥቼ ለሱ ገጠምኩለት፣ ለጋሼ ከወዳደቀው የተገጣጠመ አስገባሁለት። ጋሼ አይቆጣኝም ብዬ ነው።» ባለቤታቸውም «አልተቆጣህም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ ሽማግሌዎች የሰዓቱ ነገር ይቅር፣ በሟች ፊት አይነበብ ብለው ነበር። ወንድማቸው ግን «ይጻፍ፣ ቆሜ እሰማዋለሁ» በማለቱ፣ እነሆ ቆሞ እየሰማ ተነብቧል። ይቅርታ እንዲደረግለት ሽማግሌ ቢልክም፣ ባለቤታቸው «ይቅርታው የባሌ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አዘጋጅቶ ያዘለት፣ የሚጠይቀው አጥቶ ይዞት ሄደ። የኔ ገና አልተዘጋጀም» የሚል መልስ ሰጥተዋል።

ጋሽ አንድ ደቂቃ የሠላሳ አምስት ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዋና ያስተማሯቸውን ቁጥር ስፍር የሌላቸው የሰፈር ልጆች፣ እንዲሁም አዝለው ያሳደጉትን አንድ ወንድማቸውን ትተውልን በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ተለይተውናል። ለሁሉም እንደየሐዘናቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ የእሳቸውንም ነፍስ ፈጣሪ ማንንም ከማይጠብቁበት ስፍራ ያሳርፍልን።