ወደ ግራ የዞረችው ቀንድ አውጣ

በደርግ ጊዜ ጂንካ ባዮሎጂ ሳስተምር የቀንድ አውጣ ቅርፊት እሰበስብ ነበር። አንድ ቀን ዲመካ ገበያ ዳር የጭነት መኪና ስጠብቅ ካርቶኔ ተቀደደና የሁለት ዓመት ልፋቴ፣ በየዘሩ የለየሁት ሁሉ፣ አፈር ላይ ተደባለቀ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የሐመር ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ይለዩልኝ ጀመር። ልክ ከብታቸውን እንደሚለዩ ነው የሚለዩት፤ መልኩን ያያሉ፣ ጥምዝምዙን ያያሉ። ወዲያው አንዷን አንስተው ለብቻዋ አስቀመጧት።

«አባባ፣ እሷ እኮ ከእነዚያ ጋር ናት» አልኳቸው።

«አይደለችም» አሉና ጫፏን ወደ ላይ አድርገው አሳዩኝ። «የእነዚያ አፍ በቀኝ ነው። የዚች በግራ።»

ከእጃቸው ነጥቄ አየሁ። እውነታቸውን ነው! መጽሐፍ ላይ ብቻ የማውቃት፣ ወደ ግራ የምትዞረው፣ ጭራሽ ከሌላ ወገን የሆነችው ናት። ሽማግሌውን አቅፌ ሳምኳቸው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ እቤቴ ነበረች፣ አባባ!»

እሳቸው ግን አዘኑልኝ። «የሌላ ሰው ከብት ሁለት ዓመት ከከብትህ ጋር ሲውል አላየህም?»

«አላየሁም።»

«አስተማሪ፣ አንተ ከብት አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«ጥሩ ነው» አሉ።