አንድ እግር ጫማ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ግንቦት፣ ቀትር ላይ። ሠዓሊ ውባለም የምትሠራበት ክፍል፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት አጎቷ፣ ጡረታ የወጣው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ ጋሽ ዳምጠው፣ ገና ባልደረቀ ትልቅ ሸራ ፊት ቆሟል።)

ዳምጠው፦ አጥፊያት አልኩሽ!

ውባለም፦ ማንን?

ዳምጠው፦ አታሞኚኝ። ሸራው ላይ ስንት ሰው አለና ነው? ባቡሩ ውስጥ የተቀመጠችውን ሴትዮ ነዋ! ሌላው ግዴለም። ፉርጎው ውሃ ይሙላ፣ ዓሣው በመስኮት ይግባ፣ እንደ ፍጥርጥርሽ። ሴትዮዋ ግን ትውጣ።

ውባለም፦ ጋሼ፣ ገና ከመግባትህ? ከቅዳሜው ኤግዚቢሽን በፊት አንተ እየው ብዬ ነው የጠራሁህ። ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ታዘኛለህ።

ዳምጠው፦ ውሃ አልጠጣም። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይፋጃል። ቬንትሌተሩን ምን ብለሽ አጠፋሽው?

ውባለም፦ እንዳትከፍተው! ቀለሙ ይደርቅብኛል።

ዳምጠው፦ ይደርቅብኛል ትላለች! አርባ ዓመት ሰሌዳ ስሥል በንፋስ የደረቀ ዘይት ቀለም አላየሁም። ሳምንት ነው የሚፈጀው።

ውባለም፦ ዘይት አይደለም። አክሪሊክ ነው፣ በውሃ የሚቀጥነው።

ዳምጠው፦ ሂጂ! አክሪሊክ እንዲህ አያብረቀርቅም። ጉንጯ ላይ ጥላውን ከብርሃኑ ጋር እንዴት እንዳዋሃድሽው እያየሁ? በዚያ ፕላስቲክ ይሄ አይሠራም። እኔው ባስተማርኩሽ እጅ እኔኑ ልትሸውጂኝ?

ውባለም፦ እንደ ዘይት ስለምሠራበት ነው ዘይት የመሰለህ። ቶሎ እንዳይደርቅ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝቼ ጠብ አደርግበታለሁ። ቀለም በማዋህድበት ፓሌት ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጥፋለሁ። በየአምስት ደቂቃው በዚህች መርጫ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። ከዚያ ስስ ስስ አድርጌ መደራረብ ነው። ዞር ካልኩ ግን አለቀ።

ዳምጠው፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ከምን የመጣ ነው? ዘይቱ ምን አደረገሽ?

ውባለም፦ እኔን ምንም። አንተን ግን ሳንባህን በላው። በዘይት ቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ ሽታ ስታስል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መጥተህ አጠገቤ እንድትቀመጥ ብዬ ነው የተውኩት።

ዳምጠው፦ ... ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።

ውባለም፦ ስላልጠየቅከኝ ነዋ። አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ ሴትዮዋ ምን አደረገችህ?

ዳምጠው፦ ምንም። አታምርም።

ውባለም፦ አንተ ነህ አታምርም የምትል? አሁን ጉንጯን ስታደንቅ አልነበር?

ዳምጠው፦ ሥራው ያምራል፣ እሷ አታምርም። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር አይደለም። ከየት አመጣሻት?

ውባለም፦ አላመጣኋትም፤ መጣች። እኔ አስቀድሜ እርሳስ አልነካም። ቀለሙን አፈስሳለሁ፣ ፌስታል አነጥፍበታለሁ፣ ተጭኜ ብድግ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ ማየት ነው። ነጠብጣቡ ውስጥ የሆነ ነገር እስኪታየኝ አልነሳም። የታየኝን አወጣዋለሁ።

ዳምጠው፦ ሞራ ገላጭ ሆነሻላ! በግ ማረድ ብቻ ነው የቀረሽ።

ውባለም፦ ሳቅብኝ። መጀመሪያ ውሃው ታየኝ፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ እሷ። ጭኗ ላይ ያለው ደግሞ መጨረሻ ላይ መጣ። ሦስት ቀን ምንነቱ አልገባኝም ነበር። ኧረ መርጫውን ወዲህ በል ጋሼ፣ ግንባሯ ደርቆ ሊይዝ ነው።

ዳምጠው፦ አልሰጥም።

ውባለም፦ ጋሼ!

ዳምጠው፦ አልሰጥም አልኩ። ያለዚህች ውሃ አትሠሪም ማለት ነው? እንግዲያው እኔ ጋ ትቀመጣለች። ቬንትሌተሩም ይኸው፣ ተከፈተ። እኔም ሰው ነኝ፣ ይሞቀኛል።

ውባለም፦ ኧረ በፈጠረህ! የአንድ ወር ሥራዬ ነው!

ዳምጠው፦ ምን ይሆናል? በውሃ የቀጠነ በውሃ ይታጠባል፤ ይሄን ሕፃንም ያውቃል። ስትስማሚ ጨርቅ ነክረን ሴትዮዋን ጠረግ፣ ቦታው ላይ አንድ ሻንጣ ሥለሽ ቁጭ። ሥዕልሽም ይድናል፣ እኔም አርፋለሁ።

ውባለም፦ አንተ ከምን ነው የምታርፈው?

ዳምጠው፦ ከሰው አፍ። ቅዳሜ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ሁሉ ይመጣል። ከጅቡቲም እንግዶች አሉ ብለሻል።

ውባለም፦ ይምጡዋ! ሥዕል ያያሉ፣ ለስላሳ ጠጥተው ይሄዳሉ።

ዳምጠው፦ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም። አንዲት ሴት፣ ባቡር፣ በዚያ ላይ ጭኗ ላይ ያለው ጫማ። ጫማውን ማን ነገረሽ?

ውባለም፦ ምኑን ነው የሚነግሩኝ?

ዳምጠው፦ እንዲሁ ነው ያልኩት። አንድ እግር ጫማ ምን ይሠራል፣ ጥንድ ይሁን ለማለት ነው።

ውባለም፦ ማን ነገረሽ ነው ያልከኝ።

ዳምጠው፦ ሙቀቱ ነው የሚያናግረኝ። ይልቅ ነይ መርጫሽን ውሰጂ፣ ተይው።

ውባለም፦ አይ። ያዘው።

ዳምጠው፦ ውሰጂ እንጂ! ግንባሯ ይይዛል ስትይ አልነበር?

ውባለም፦ ያዘው አልኩህ። ቬንትሌተሩንም ሦስት ላይ አድርገው፣ ሞቆሃል። እንጫወት። እናቴ እንዴት ነው የሞተችው?

ዳምጠው፦ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?

ውባለም፦ አንድ ጊዜ ጨምር።

ዳምጠው፦ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ጎርፍ ወሰዳት። ሬሳዋም አልተገኘ።

ውባለም፦ ስለዚህ ነው መቃብር የሌላት።

ዳምጠው፦ ስለዚህ ነው።

ውባለም፦ ፎቶስ?

ዳምጠው፦ አብሮ ሄደ። ቤቱ ውሃ ገብቶበት ነበር።

ውባለም፦ ውሃውን እኔም ሥያለሁ፣ ይኸው። ፉርጎው እስከ ጣራው ውሃ ነው። ሴትዮዋ ግን አልረጠበችም። ፀጉሯ ደረቅ ነው፣ ቀሚሷ ደረቅ ነው። ሳወጣት እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ለምን አትረጥብም እያልኩ። ጎርፉን አንተ ነገርከኝ፤ ባቡሩን ማን ነገረኝ ጋሼ?

ዳምጠው፦ ድሬዳዋ ተወልዶ ባቡር የማያውቅ አለ?

ውባለም፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጫማውስ? ቀይ፣ የሕፃን፣ ማሰሪያው የተበጠሰ። ይሄን የትኛው ድሬ ነው የሚያውቀው?

ዳምጠው፦ ላንቺ ብዬ ነው፣ ውቤ። የሆነውም ያልሆነውም፣ ላንቺ ብዬ ነው።

ውባለም፦ በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፤ ከሥሩ ጀምርልኝ።

ዳምጠው፦ ይሄን ከነገርኩሽ ታጠፊያታለሽ?

ውባለም፦ ንገረኝና ጨርቁን ላንተ እሰጥሃለሁ። በእጅህ ታጠፋታለህ።

ዳምጠው፦ ማይልኝ።

ውባለም፦ ቃሌ ነው። አንተ አይደለህ ቃል ያስተማርከኝ?

ዳምጠው፦ ... አባትሽ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናትሽ ጅቡቲ ሥራ አገኘሁ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ አለች። እኔ ደግሞ ከወንድሜ የቀረኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አልወለድኩ፣ አላገባሁ። አትሂጂ አልኳት፣ ለመንኳት፣ አስለመንኳት። እምቢ አለች። መሸኘት አይቀርም፣ ለገሃር ሄድን።

ውባለም፦ ቀጥል።

ዳምጠው፦ ሰው በሰው ላይ ነው። ሻንጣዋን አስገባሁላት። በሩ ጋ መጋፋት ሆነ፤ እሷ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ቦታ ያዘች። ልጅቷን በመስኮት አቀብለኝ አለችኝ። አነሳሁሽ። እግርሽን ያዘች። ባቡሩ ጮኸ።

ውባለም፦ ከዚያስ?

ዳምጠው፦ ታውቂዋለሽ አይደል? ሥለሽዋል።

ውባለም፦ በአፍህ በለው።

ዳምጠው፦ ወደ ኋላ ሳብኩሽ። ጫማው እጇ ላይ ቀረ። ስደቢኝ።

ውባለም፦ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ አልወረደችም?

ዳምጠው፦ ይቅርብሽ።

ውባለም፦ አልወረደችም ወይ?

ዳምጠው፦ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ከደጄ ቆመች። አንቺን ሐረር ዘመድ ጋ ወስጄ አስቀምጬሽ ነበር። በዚያው ሰሞን ደቻቱ ሞልቶ ስንቱን ወስዶ፣ ከተማው እያለቀሰ ነበር።

ውባለም፦ ጋሼ፣ እንዳትለኝ።

ዳምጠው፦ ልጅሽን ጎርፍ ወሰዳት አልኳት።

ውባለም፦ ወይኔ!

ዳምጠው፦ ላንቺም ኋላ ያንኑ ነገርኩሽ። ሁለት ውሸት መያዝ ከበደኝ።

ውባለም፦ እሷም አመነችህ?

ዳምጠው፦ ወንዙ ዳር ወርዳ ሁለት ቀን ፈለገችሽ። ከዚያ ሄደች። ያቺን አንድ እግር ጫማ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ትኑር፣ ትሙት አላውቅም። ይኸው፣ ከሥሩ ነገርኩሽ።

ውባለም፦ ለዚህ ነው ከጅቡቲ እንግዳ ሲባል ላብ ያጠመቀህ።

ዳምጠው፦ አንዱ አይቶ ሄዶ ቢነግራትስ? በዚህ ዕድሜዬ ደጄ ላይ ብትቆምስ? ምን እላታለሁ? አንቺስ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ ከእንግዲህ? ሠላሳ ሁለት ዓመት አባት ሆኜሻለሁ። ሲያምሽ አድሬያለሁ፣ ቀለም መያዝ አስተምሬሻለሁ። ይሄ ሁሉ በአንድ ሴትዮ ይጥፋ?

ውባለም፦ ሁሉንም ሆነህልኛል። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ።

ዳምጠው፦ እንግዲያው ቃልሽ። ጨርቁን ስጪኝ።

ውባለም፦ እንካ።

ዳምጠው፦ እውነት?

ውባለም፦ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አይደል የሚባለው? በኛ ቤት ሁለቱም ደርሷል። እንካ፣ ንከረው። ውሃውም በእጅህ ነው።

ዳምጠው፦ አትቆጪም?

ውባለም፦ እሽት አድርጋት።

ዳምጠው፦ ... አትለቅም።

ውባለም፦ ውሃ ጨምር።

ዳምጠው፦ አትለቅም እኮ! ጨርቁ ንጹሕ እንደሆነ ነው! ምን አድርገሽው ነው?

ውባለም፦ እኔ? መርጫዬን ማን ቀማኝ? ቬንትሌተሩን ማን ከፈተው? አክሪሊክ ነው አልኩህ ጋሼ። ውሃ የሚያቀጥነው ሳይደርቅ ነው። አንዴ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም። ላዩማ አንተ «ጫማውን ማን ነገረሽ» ስትለኝ እየያዘ ነበር።

ዳምጠው፦ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው!

ውባለም፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዳምጠው፦ አኳራጅ አምጪ።

ውባለም፦ የለኝም። ያንተን ሳንባ ብዬ ከቤቴ ካወጣሁት ስንት ዓመቱ። ጠረጴዛው ላይ ግን መፋቂያ ቢላዋ አለ። ከፈለግህ ፋቃት። አልይዝህም። ከግንባሯ ጀምር፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ።

ዳምጠው፦ ታያለች።

ውባለም፦ ታያለች፣ አዎ። አንተ ራስህ ነህ ዓይን ላይ የብርሃን ነጥቧን ቦታዋን አትሳቺ ያልከኝ።

ዳምጠው፦ እጄ እምቢ አለኝ፣ ውቤ።

ውባለም፦ አስቀምጠው ቢላዋውን። ትመስላለች?

ዳምጠው፦ ምን?

ውባለም፦ እናቴን ነው የምጠይቅህ። ፎቶ የለኝም። በዚህች ከተማ ፊቷን የሚያስታውስልኝ አንተ ብቻ ነህ። ይህን እንኳ አትከልክለኝ። ትመስላለች?

ዳምጠው፦ ... ብሩሽ ስጪኝ።

ውባለም፦ ልትቀባባት?

ዳምጠው፦ አገጯ ላይ ንቅሳት ነበራት። ሦስት ነጥብ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ትተሽዋል። ያለ እሱ ቅዳሜ ማንም አያውቃትም።

ውባለም፦ ብሩሹን እኔ እይዛለሁ። አንተ ቬንትሌተሩን አጥፋና የት ላይ እንደሆነ አሳየኝ።