የዘወትር አምባር

እትዬ ቁልፍ ወደ አንጥረኛው ሱቅ የገቡት ለሴት ልጃቸው የወርቅ ሐብል ሊያሠሩላት ነበር። ልጅቱ በመምህርነት ተቀጥራ ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ በልብስ ስፌት ጥርሳቸውን ነክሰው ያሳደጓት እናት ደግሞ አንገቷ ባዶ ሆኖ ሰው ፊት እንድትቆም አልፈለጉም። "ቁልፍ" ያላቸው ሰፈሩ ነው። የሰው ምስጢር ሰምተው ስለማያወጡ በፍቅር የወጣላቸው ስም ነበር። በገዛ ቤታቸው ምን እንደቆለፉ ግን ሰፈሩ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ እንዲያ እየሳቀ ባልጠራቸው።

ገባ እንዳሉ ልጃቸውን ከመስታወቱ ሣጥን ፊት ቆማ አገኟት።

"ውይ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እማዬ! የብር አምባር ላሠራ ነዋ። ስተኛም ስነሣም ከእጄ የማላወልቀው።"

"እሰይ የኔ ልጅ! ለካ ልብ ለልብ ተገናኝተናል። አበባ አለው?"

ሽማግሌው አንጥረኛ ጉሮሮውን ጠረገ። "አበባ እንኳ የለውም፣ እመቤቴ። ጽሑፍ ነው ያለው።"

"ምን የሚል?"

ልጅቱ አላድበሰበሰችም። "'የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሰክሬ አይደለም' የሚል።"

እትዬ ቁልፍ ዞር ብለው በሩን አዩ። ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ሄደው ገርበብ አደረጉት።

"አብደሻል እንዴ? ገና ሥራ ሳትጀምሪ ሊያባርሩሽ ነው? ማንስ ያገባሻል? ጌጥ እኮ ለማማር ነው፣ ገመናን በእጅ አንጠልጥሎ ለመዞር አይደለም!"

"አትቆጪ እማዬ፣ ላስረዳሽ። ለማማር ብቻ የሚደረግ ጌጥ ለግብዣ ይሁን። በየቀኑ የማደርገው ግን አንድ ነገር ሊያደርግልኝ ይገባል። ስኳሬ ሲወርድ ምላሴ ይተሳሰራል፣ እንገዳገዳለሁ። ያን ጊዜ ማን ይናገርልኝ?"

"ከረሜላ የምትይዢበት የውስጥ ኪስ በየቀሚስሽ ሰፍቼልሽ የለም? ማንም ሳያይሽ ቶሎ ጎረስ ማድረግ ነው።"

"ለወንድሜም ሰፍተሽለት ነበር።"



ልጁም የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ባለፈው ክረምት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሲንገዳገድ ታየ። ስሙን ቢጠይቁት ተንተባተበ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ዝናብ እንዳይመታው ደግፈው ጥግ አስተኙት፤ አንዱ የራሱን ጃኬት ደረበለት፤ ከዚያ "ስካሩ ሲበርድለት ይነሣል" ተባብለው ሄዱ። አመሻሹ ላይ ጥበቃው ሊቀሰቅሰው ሲነካው ሞቷል። ከረሜላው በኮቱ የውስጥ ኪስ እንዳለ ነበር። ኪሱ ጎበዝ እጅ የሰፋው ስለሆነ ሐኪም ቤት ልብሱን ያወለቁት እንኳ አላገኙትም። ያገኙት ኮቱ ሲመለስ እናቱ ናቸው።

"እኔ ነኝ የገደልኩት ልትዪኝ ነው?" አሉ እትዬ ቁልፍ።

"ኧረ አይደለም እማዬ! ከሰው አፍ ልትጠብቂን ብለሽ ነው የደበቅሽን። ግን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይርዳን? ሰኞ ክፍል ሙሉ ልጆች ፊት እቆማለሁ። ብወድቅ 'መምህሯ ጠጥታ መጣች' ብለው ይሳቁብኝ?"

"ባልስ?"

"አንብቦ የሚሸሽ ከሆነ ስወድቅም አያነሣኝም። ከወዲሁ ይሂድልኝ።"

እናት አንጥረኛው ባቀረበላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሕመም ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ነውር ያደረግነው እኛው በሹክሹክታችን ነን። እትዬ ቁልፍም ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት የጎረቤትን አፍ ነበር፤ ያ ፍርሃት ምን እንዳስከፈላቸው ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። አለቀሱ፤ ልጃቸውም አብራቸው አለቀሰች።

ኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው አንጥረኛውን ቀና ብለው አዩት።

"ፊደሉ ምን ያህላል?"

"ቅርብ ካልሆኑ አይታይም። እንዳታፍር ብዬ አሳነስኩት።"

"አጉላው።"

"እመቤቴ፣ አምባሩ ሰፊ ይሆናል፤ አያምርም እኮ።"

"አይመር! መነጽሩን የረሳ ሰው በዝናብ ቆሞ እንዲያነበው አድርገህ ጻፈው። ከጀርባው 'ሐኪም ቤት አድርሱኝ' በል፤ የኔንም ስልክ ጨምርበት።"

የሐብሉን ነገር ሳያነሡት ወጡ።

ልጅቱ ሰኞ አምባሯን ለባልደረቦቿ አሳየች። ማንም አላባረራት። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ስኳር አስቀመጠላት፤ ስትንገዳገድ ካዩ ምን እንደሚያደርጉም ሁሉም ከራሷ አፍ ተማሩ። ከተማሪዎቿ አንዷ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ "እኔም አለብኝ" ያለቻት በዚያው ሳምንት ነው። አንዲት የብር ቁራጭ ይህን ሁሉ ከፈተች፤ የተደበቀ ሕመም ረዳት የለውም፣ የታወቀ ግን ባለቤቱን ሊያድን የሚሮጥ ሰው ያገኛል።

እትዬ ቁልፍም እሑድ ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የልጃቸውን ቀሚሶች የውስጥ ኪስ አንድ በአንድ ፈትተው በውጭ በኩል ሰፉ። ቀሚሱ ሲያልቅ ከሣጥን የልጁን ኮት አወጡ። የሱንም ፈቱት፤ ከረሜላው እንዳለ ነበር። ኪሱን በውጭ በኩል፣ ደረቱ ላይ፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ሰፍተው ከረሜላውን መለሱበትና ኮቱን በር አጠገብ ሰቀሉት።