የጋሽ መቀስ ዜና ሕይወትና የዛፋቸው ነገር

ይህን ዜና ሕይወት የጻፈው የሟች ታናሽ ወንድም ነውና፣ ዕድሜ ተጫጭኖት ዓመቱን ወይም ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ከሆነ በይቅርታ እለፉት።

ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ መቀስ እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱት የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ስድስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ስለሞቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ልብስ ስፌት ገቡ፤ በዚያው ሙያ ሃምሳ ዓመት ሠሩ። የጎረቤታቸውን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ሁለተኛዋ ልጅ በተወለደች ዓመት፣ ቦንሳይ የሚባለውን፣ በሸክላ ተተክሎ እየተከረከመ ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ኤልም የተባለ የውጭ አገር ዛፍ ከአንድ ደንበኛቸው በስጦታ አገኙ። ባለቤታቸው «የማያድገው ሦስተኛ ልጃችን» እያሉ ቢቀልዱባቸውም፣ እሳቸው አዲሱ ቀንበጥ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት እየመለሱ፣ መቀሱን በአልኮል እየወለወሉ፣ በየሁለት ዓመቱ ሥሩን እየከረከሙ፣ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከትተው እርጥበቱን እየፈተኑ በልኩ ብቻ እያጠጡ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አቆዩት።

ዘንድሮ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ ባለቤታቸው ከአጠገባቸው አይለዩም ነበርና፣ ዛፉ በረንዳው ላይ ብቻውን ቀረ። ለጥየቃ የሚመጣ ሁሉ፣ ጋሽ መቀስ ታመው ማን ያጠጣዋል ብሎ አዝኖ፣ ለሌላው ሳይናገር አንድ አንድ ብርጭቆ አፈሰሰበት፤ ታናሽ ወንድማቸውም ሦስት ጊዜ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ደግሞ ውኃ ጠማው ብለን ጨመርንበት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ተደግፈው ወደ በረንዳው ወጡና አፈሩን አሽትተው፣ «ምነው፣ ምን አደረጋችሁ? አሰመጣችሁት እኮ!» አሉ። ዛፉ ከሸክላው ሲነሣ የሥሩ ግማሽ ጠቁሮ እንደ ራሰ ወረቀት በጣት ይላጥ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነካባቸው ከልክለው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ፤ ጠጠር በበዛበት አዲስ አፈር ተክለው በረንዳው ጥግ ጥላ ውስጥ አስቀመጡትና፣ «ከዚህ በኋላ እኔ ሳልል ማንም አይንካው» ብለው ተመልሰው ተኙ። በየማለዳው ስንት ቅጠል እንደረገፈ ይጠይቁን ነበር፤ እኛም ቀንሰን እንነግራቸው ነበር። ትናንት ከቀትር በኋላ ዐረፉ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ዛሬ ማለዳ ትልቋ ልጃቸው የዛፉን ግንድ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አይታ፣ ከላይ ደርቋል፣ ከታች በኩል ግን ትንሽ አረንጓዴ አለው ብላ ለአጎቷ ነግራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም። ስለዚህ ለማጽናናት ወደ ቤት የምትመጡ ሁሉ፣ በበረንዳው ስታልፉ፣ አደራ፣ ውኃ አታጠጡት። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ያሳርፍ፤ ለእኛም እጃችንን የምንሰበስብበትን ልቦና ይስጠን።