ኳሱ የተመለሰበት ረቡዕ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዋና አሠልጣኛችን ኮች ሃርጊስ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። የበጉ ጥብስ ጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ «መልካም ጡረታ፣ ዌንደል» ተብሎ ተጽፏል። ጡረታ መውጣቴን እኔም የሰማሁት ከእናንተ ነው።

የሸበትኩት እዚህ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ተከላካዮችን ሳሠለጥን ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሳምንት ብቻ ልናገር። የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አብሮኝ የሚያሠለጥነው ሌስተር ከአሁኑ ሰሃኑን ማየት ጀምሯል።

ከዋርዲን ኮሌጅ ጋር ልንጫወት ነበር። አጨዋወታቸውን ለማያውቁ ባለቤቶቻችሁ ላስረዳ። ኳሱን የሚያስጀምረው ልጅ ሦስት ምርጫ አለው፤ በመሐል ለሚሰነጥቀው ሯጭ ይሰጣል፣ ራሱ ይዞ ይሮጣል፣ ወይም በጎን ለሚከተለው ይወረውራል። የሚወስነው እኛን አይቶ ነው። ኳሱን ከተከተልክ አለቀልህ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ተከላካይ ትመድባለህ። ኳስ ይያዝ አይያዝ፣ የተመደበልህን ሰው ይዘህ መሬት ላይ ትጥላለህ።

ስለዚህ ሰኞ ኳሶቹን ሰብስቤ መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ተጠባባቂዎቹ ዋርዲንን መስለው ባዶ እጃቸውን ይሮጣሉ፣ የእኛዎቹ ይጥሏቸዋል። የቀኝ ዳር ተከላካያችን ኦርላንዶ ፒኬት የተመደበው በጎን ለሚሮጠው ነበር።

«ኮች፣ ምንም ያልያዘ ሰው እየጣልኩ ነው እኮ፤ ፖሊስ አይመጣም?»

«አንተ ጣለው፤ ከፖሊሱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

ማክሰኞ ሁሉም ገብቷቸው ነበር። ረቡዕ ለቡድኑ ገንዘብ የሚለግሱት ሰዎች ልምምድ ሊያዩ መጡ። አንደኛው፣ «ኳሱንም እኛ እንግዛላችሁ እንዴ?» አለ። ተሳቀ። ኮች ሃርጊስ፣ እርስዎ አልሳቁም። ወደ እኔ መጡና፣ «ዌንደል፣ መሳቂያ አታድርገኝ። ኳሱን አምጣ» አሉኝ።

«ቅዳሜ ከሚስቁ ዛሬ ይሳቁ።»

«አምጣ አልኩህ።»

አመጣሁ። ሐሙስ የአሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ያለ ኳስ እንለማመድ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ሁላችሁም ነበራችሁ። «ከእሱ ጋር የሚስማማ አለ?» ሲባል ማን አፉን ከፈተ? ሌስተር፣ አንተ ኮሪደር ላይ «ልክ ነህ፣ ወንድሜ» ብለኸኝ ነበር። ኮሪደር ላይ ሁሉም ጀግና ነው።

ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ እየመራን ነበር። ኦርላንዶ ኳሱ ወደ መሐል ሲገባ አየ። ከረቡዕ ጀምሮ ኳስ ሲከተል የሰነበተ ልጅ ምን ያደርጋል? ተከተለው። ኳሱ ግን ወዲያው በጎን ተወረወረ። የኦርላንዶ ሰው ብቻውን ሮጦ የመጨረሻውን መስመር አለፈና ነጥብ አስቆጠረ። ተሸነፍን።

ለጋዜጠኞች ምን ተባለ? «አንድ ተጫዋች የተመደበለትን ሰው ለቀቀ።» ስሙም ተጠራ። ቆይቶ ነፃ የትምህርት ዕድሉ አይታደስም ተባለ። እናቱ ደውለው፣ «ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «እንዳለማመድነው ተጫወተ» አልኳቸው። ይህንኑ ለኮሌጁ ኃላፊዎች ነገርኳቸው። እነሆ፣ በግ እየበላን ነው።

ባለፈው ሳምንት የዋርዲን አሠልጣኝ ደወሉልኝ።

«ያ ወደ ተሳሳተ ቦታ በዚያ ፍጥነት የሮጠው ልጅ አሁንም እናንተ ጋ ነው?»

«የለም። ጥለውታል።»

«እንግዲያው እኛ እናነሳዋለን።»

ትናንት ፈረመ። ትምህርቱን እዚያ ይጨርሳል። በሚመጣው ጥቅምት እዚሁ ሜዳ ላይ ታገኙታላችሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ቤታችሁ ይሙላ። ኮች ሃርጊስ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ። ሌስተር፣ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ድምፅ ይስጥህ። የጥቅምቱን ጨዋታ ግን መርቅልን አትበሉኝ፤ ያንን ምርቃት ለኦርላንዶ ሰጥቼዋለሁ።